የጎርፍ ሜዳን በካርታ መለየትና በደንብ መምራት፦ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ ግንባታ ፈቃዱ

ወንዝ ሁለት ቤት አለው። በአንዱ ዓመቱን ሙሉ ይኖራል። ወደ ሁለተኛው የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ሲመጣ ግን ማንንም አያስፈቅድም። ይህ ሁለተኛው ቤት የጎርፍ ሜዳ ይባላል። ችግሩ ሜዳው ያምራል። ለጥ ያለ ነው፣ አፈሩ ጥሩ ነው፣ ለመንገድም ለቤትም ይመቻል። ወንዙ ሃያ ዓመት ሳይመጣ ከቀረ ደግሞ ባለቤት የሌለው መሬት ይመስላል።

ይህን መሬት ለይቶ በካርታ ማስፈርና ምን ይሠራበት፣ ምን አይሠራበት ብሎ መወሰን የመንግሥት ሥራ ነው። አገሮች ለዚህ የየራሳቸው መስፈርት አላቸው። ዝርዝሩ ቢለያይም የሥራው አካሄድ በጣም ይቀራረባል። ይህ መመሪያ ያንን አካሄድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሳያል። በከተማ ፕላን ወይም በውሃ ቢሮ ውስጥ ለምትሠሩ ይሆናል። «ለምን መስመሩ በእኔ ቦታ ላይ አለፈ?» ብላችሁ ለምትጠይቁም ይሆናል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ብዙ ጊዜ ካርታው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው «እሺ፣ አሁን በዚህ ምን እንከልክል?» የሚባለው። ይህ ጋሪውን ከፈረሱ ማስቀደም ነው። ካርታው ደንቡ ለሚጠይቀው ጥያቄ መልስ ነው። ጥያቄው ሳይታወቅ የተሠራ መልስ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።

ደረጃ 1፦ ካርታው የሚወስነውን ነገር አስቀድማችሁ ጻፉ

አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ካርታው ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ የትኛው ሠራተኛ፣ የትኛውን ውሳኔ ይወስንበታል? ፈቃድ ሰጪው «እዚህ ቤት መሥራት ይቻላል ወይ?» ይላል። መሐንዲሱ «ወለሉ ስንት ላይ ይሁን?» ይላል። የአደጋ ጊዜ ሠራተኛው «መጀመሪያ የትኛው መንገድ ይዘጋል?» ይላል። ሦስቱ ጥያቄዎች ሦስት ዓይነት ካርታ ይፈልጋሉ። ለመጀመሪያው መስመር ይበቃል። ለሁለተኛው በሜትር የተጻፈ የውሃ ከፍታ ያስፈልጋል። ለሦስተኛው ደግሞ የውሃው ጥልቀት፣ ፍጥነትና የሚደርስበት ሰዓት።

ሁሉንም ወንዝ በአንድ ዓይነት ጥራት ለመሥራት አትሞክሩ። ገንዘቡም ጊዜውም አይበቃም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው የጎርፍ መመሪያ ሥራውን በሦስት ከፍሎታል። አባል አገሮች እስከ 2011 ድረስ አደጋ ያለበትን ቦታ በጥቅሉ እንዲለዩ፣ እስከ 2013 ለእነዚያ ቦታዎች ካርታ እንዲሠሩ፣ እስከ 2015 ደግሞ የአስተዳደር ዕቅድ እንዲያወጡ ታዘዙ። ሁሉም በየ6 ዓመቱ ይከለሳል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በመጀመሪያ በወፍራም ብዕር፣ ከዚያ አስፈላጊ በሆነበት ብቻ በቀጭን ብዕር። ሰው የሚኖርበትና ከተማው ወደፊት የሚሰፋበት ቦታ ቀጭኑን ብዕር ያገኛል። በተለይ የሚሰፋበት። ገና ያልተሠራበትን ሜዳ መጠበቅ የተሠራበትን ከማፍረስ በብዙ ይረክሳል።

ደረጃ 2፦ የደንብ ጎርፉን ምረጡ

ደንቡ የሚቆምበት አንድ ጎርፍ ያስፈልጋል። እሱን እዚህ «የደንብ ጎርፍ» እንበለው። በብዙ አገሮች ይህ በየትኛውም ዓመት የመድረስ ዕድሉ 1 በመቶ የሆነ ጎርፍ ነው። ሰዎች «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ይሉታል። ከቻላችሁ ይህን ስም ተዉት። የሰማው ሁሉ «ባለፈው ዓመት ስለመጣ አሁን መቶ ዓመት እፎይ» ብሎ ያስባል። ዕድሉ ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ 1 በመቶ ነው። ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት፦ 0.99ን በራሱ 30 ጊዜ አባዙና ከ1 ቀንሱ። 0.26 ታገኛላችሁ። አንድ ቤት 30 ዓመት ቢቆም ይህን ጎርፍ ቢያንስ አንዴ የማየት ዕድሉ ከአራት አንድ ያህል ነው። 70 ዓመት ቢቆም ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። በሕዝብ ስብሰባ ላይ ይህን ተናገሩ። ከማንኛውም ባለቀለም ካርታ በላይ ይገባል።

1 በመቶ ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 የጎርፍ መድን ሕጓን ካወጣች በኋላ መለኪያ አድርጋ ይዛዋለች፤ 0.2 በመቶውንም በካርታዋ ላይ ታሳያለች። እንግሊዝ ለወንዝ 1 በመቶ፣ ለባሕር 0.5 በመቶ ትጠቀማለች፤ ከዚያ ቀጥሎ እስከ 0.1 በመቶ የሚደርስ ሌላ ቀጠና አላት። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ግዛት የ200 ዓመቱን፣ ማለትም የ0.5 በመቶውን ይዟል። ስዊዘርላንድ በአንድ ጎርፍ ብቻ አትወሰንም፤ 30፣ 100 እና 300 ዓመትን አንድ ላይ ታያለች።

የካናዳዋ ኦንታሪዮ መንገድ ለየት ይላል። ሃሪኬን ሄዘል የተባለው ማዕበል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1954 ቶሮንቶን መታ። በካናዳ 81 ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህ 35ቱ በአንድ ወንዝ ዳር ባለ አንድ መንገድ ላይ ይኖሩ የነበሩ ናቸው። ከዚያ በኋላ መንግሥት የሸለቆውን መሬት እየገዛ ወደ መናፈሻ ለወጠው። በደቡባዊው የክፍለ ግዛቱ ክፍል ደግሞ «ያ ዝናብ በዚህ ተፋሰስ ላይ ቢወርድስ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ የደንብ ጎርፍ ሆነ። በመቶኛ ከማውራት ይልቅ ሰው ያየውን ነገር መያዝ ነው። እኔ ይህን አሠራር እወደዋለሁ። «1 በመቶ» የማይገባው ሰው «ያ ጎርፍ» ይገባዋል።

የእኔ ምክር፦ ለተራ ግንባታ 1 በመቶን ያዙ። ለሆስፒታል፣ ለኤሌክትሪክ ማከፋፈያ፣ ለውሃ ማጣሪያ፣ ለእሳት አደጋ ጣቢያ 0.2 ወይም 0.1 በመቶን ያዙ። የአየር ንብረት ለውጥ ጭማሪም ከአሁኑ ይግባ። ዛሬ የሚሠራ ቤት ከሃምሳ ዓመት በኋላም ቆሞ ነው የሚገኘው። የዝናቡ ልክ ግን ዛሬ ባለበት አይቆይም።

ደረጃ 3፦ ወንዙ እስከ ዛሬ ያደረገውን ሰብስቡ

ሦስት ምንጮች አሉ፦ የወንዝ መለኪያ ጣቢያ፣ የዝናብ መለኪያ ጣቢያና የሰው ትዝታ። ሦስተኛውን አትናቁ።

የወንዝ መለኪያ ጣቢያ የሚመዘግበው የውሃውን ከፍታ ነው። ፍሰቱ ከዚያ የሚገኘው ከፍታን ከፍሰት ጋር በሚያያዝ ኩርባ ነው። ኩርባው የተሠራው ውሃው መጠነኛ በሆነበት ቀን በተደረገ ልኬት ነው። በትልቅ ጎርፍ ቀን ድልድዩ ላይ ቆሞ የለካ ሰው ብዙም የለም። ስለዚህ በጣም የምትፈልጉት ቁጥር በኩርባው ላይ በግምት የተዘረጋው ጫፍ ላይ ያርፋል። ጣቢያው የሰጣችሁን ዝም ብላችሁ አትውሰዱ። ከፍተኛው ቁጥር በልኬት የተገኘ ነው ወይስ በቅጥያ? ጠይቁ።

ከዚያ የየዓመቱን ከፍተኛ ፍሰት ደርድራችሁ በስታቲስቲክስ የ1 በመቶውን ታሰላላችሁ። የ30 ዓመት መዝገብ ይዞ ስለ 100 ዓመት መናገር ድፍረት ነው። ግን ይደረጋል። ሲደረግ የጥርጣሬው ስፋት አብሮ መጻፍ አለበት። «850 ሜትር ኩብ በሰከንድ» ከማለት «850፣ ግን ከ650 እስከ 1,200 ሊሆን ይችላል» ማለት ሐቀኝነት ነው።

መዝገቡ አጭር ሲሆን ምን እንደሚፈጠር ለማየት በጀርመን ያለውን የአር ሸለቆ ተመልከቱ። በአልተናር ያለው መለኪያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው። የጎርፍ ካርታው የተሠራው በዚያ መዝገብ ላይ ነው። በ1804 እና በ1910 በዚያው ሸለቆ የደረሱት ከባድ ጎርፎች በጽሑፍ ይታወቁ ነበር፤ ስሌቱ ውስጥ ግን አልገቡም። በሐምሌ 2021 ውሃው ካርታው ካሳየው በላይ ወጣ፤ መለኪያውንም ጠርጎ ወሰደው። በሸለቆው ከ130 በላይ ሰዎች ሞቱ። መረጃው ጠፍቶ አልነበረም። መዝገብ ቤት ተቀምጦ ነበር።

ስለዚህ ተነሡና ሂዱ። ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ውሃው የደረሰበትን ግድግዳ፣ ዛፍ፣ የድልድይ ምሰሶ አሳዩን በሉ። በቤተ ክርስቲያን የአገልግሎት መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ማስታወሻ፣ የድሮ ፎቶ፣ የቆየ ጋዜጣ ሁሉ ይጠቅማል። አንድ ሰው «እዚህ ደርሶ ነበር» ካለ ግማሽ ማስረጃ ነው። በተለያየ ቀን የተጠየቁ ሦስት ሰዎች አንድ ቦታ ካሳዩ መለኪያ ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ ምልክት ተነስቶ የወንዙን ቅርጽና ቁልቁለት በመለካት ፍሰቱን ወደ ኋላ ማስላት ይቻላል። የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚከተሉት የስሌት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲታደስ እንዲህ በግምት ብቻ የሚታወቁ የድሮ ጎርፎችን በተሻለ መንገድ ወደ ስሌቱ የሚያስገባ ዘዴ ይዟል።

ሳተላይትም አለ። ሴንቲኔል 1 የተባለው የአውሮፓ ራዳር ሳተላይት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ምስል ይሰጣል፣ በነጻ። ራዳር ስለሆነ ደመናም ሌሊትም አያግደውም። የተኛ ውሃ በምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ድክመቱ በየጥቂት ቀኑ ማለፉ ነው። ጎርፉ ጠዋት መጥቶ ማታ ከወረደ ሳተላይቱ ደረቅ መሬት አይቶ ያልፋል።

ደረጃ 4፦ መሬቱን ለኩ

ብዙ ካርታ የሚበላሸው እዚህ ነው። በውሃው ስሌት ላይ ወራት ይፈጅና የመሬቱ ከፍታ ከኢንተርኔት ይወርዳል።

እስቲ አስቡት። ሜዳው በየ500 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ ከፍ ይላል እንበል። የመሬቱ ከፍታ በ1 ሜትር ቢሳሳት የጎርፉ መስመር በ500 ሜትር ይሸሻል። አንድ ሰፈር ሙሉ ገባ ወይም ወጣ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር የሠራችው የዓለም ከፍታ ካርታ በነጻ ይገኛል። ስህተቱ ግን በሜትሮች ይቆጠራል፤ ጫካና ጣራውንም መሬት አድርጎ ያያል። ለመጀመሪያ ልየታ ይሁን። ለግንባታ ፈቃድ ግን አይሆንም። ከአውሮፕላን ላይ በሌዘር የሚለካው ሊዳር በጥሩ ሁኔታ ስህተቱ 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ለአንድ ከተማ ወጪው ይከፋፈላል፤ ለመንገድ፣ ለፍሳሽም፣ ለመሬት ምዝገባም ያገለግላል።

የተለመደው ሊዳር ግን ውሃ ውስጥ አያይም። የወንዙን ሆድ ቀያሽ ገብቶ ነው የሚለካው። በየተወሰነ ርቀት ከዳር እስከ ዳር ቅርጹን ይወስዳል። ድልድይ ባለበት ከላይም ከታችም ይለካል። የድልድዩን ሆድ ከፍታ፣ የምሰሶውን ውፍረት፣ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦውን ስፋት ሁሉ ይጽፋል። እኔ አንድ ጊዜ አንዲት ትንሽ የእግረኛ ድልድይ ንቄ ሞዴሉ፣ ማለትም የውሃውን አካሄድ የሚያሳየው የኮምፒውተር ስሌት ውስጥ ሳላስገባ ቀረሁ። ውጤቱና ሰዎች የነገሩኝ አልገጥም ብሎ ስንት ቀን አስጨነቀኝ። ለካ ያቺ ድልድይ ግንድና ቆሻሻ ይዛ ግድብ ትሆን ነበር።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሁሉም ከፍታ ከአንድ መነሻ ይለካ። የወንዝ ጣቢያው ከአንዱ፣ ሊዳሩ ከሌላው መነሻ ሲለካ ልዩነቱ ሜትሮች ሊደርስ ይችላል። ስህተቱ ደግሞ በካርታው ላይ አይታይም። ቆንጆ ሆኖ ይወጣል።

ደረጃ 5፦ ውሃውን በሞዴል አስኪዱት

ፍሰቱና የመሬቱ ቅርጽ ከተገኙ የቀረው ውሃው እስከ ምን ይወጣል የሚለው ነው። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ያዘጋጁት ሄክ ራስ የተባለው ፕሮግራም በነጻ ይወርዳል፤ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። ካርታውን ለመሥራት ደግሞ ኪው ጂ አይ ኤስ አለ፤ እሱም ነጻ ነው። ወንዙ በጠባብ ሸለቆ የሚወርድ ከሆነ ውሃውን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስኬድ ሞዴል ይበቃል። ሜዳ ላይ የሚበተን ከሆነ ወይም በሕንፃዎች መካከል የሚገባ ከሆነ በሁለት አቅጣጫ የሚያስኬድ ያስፈልጋል።

ሞዴሉ የሻካራነት ቁጥር ይጠይቃችኋል። ለስላሳ ሲሚንቶ ቦይ 0.013 አካባቢ ነው። ንጹህ የአፈር ወንዝ 0.03። ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ያለበት ሜዳ 0.1 እና ከዚያ በላይ። ቁጥሩ ሲጨምር ውሃው ይዘገያል፤ ሲዘገይ ደግሞ ከፍ ይላል። ይህን ቁጥር ቢሮ ተቀምጦ መምረጥ አይቻልም። ዳሩን በእግር ሂዱበት፣ ፎቶ አንሡ።

ከዚያ ፈትኑት። በደረጃ 3 የለካችኋቸው የግድግዳ ምልክቶች የሚያስፈልጉት እዚህ ነው። የታወቀውን ጎርፍ ሞዴሉ ውስጥ ልቀቁና ውሃው ምልክቶቹ ላይ መድረሱን እዩ። ካልደረሰ ምክንያቱን ፈልጉ። ሻካራነቱን ብቻ እየጎተቱ ማስገጠም ሐሰተኛ ሰላም ነው። ድልድዮቹ በከፊል ቢደፈኑስ የሚለውንም ለየብቻ አስኪዱ።

ገንዘብ በጣም ለሚያጥራቸው አካባቢዎች አቋራጭ አለ። እያንዳንዱ ቦታ በአቅራቢያው ካለው ወንዝ ስንት ሜትር ከፍ ይላል የሚለውን በኮምፒውተር ማስላት ነው። ሻካራ ዘዴ ነው። ግን ባዶ ካርታ ከመያዝ ይሻላል፤ ጥራቱ ዝቅ ያለ መሆኑ ካርታው ላይ በግልጽ ከተጻፈ።

ደረጃ 6፦ ሁለቱን መስመሮች አስምሩ

የሁሉም ዓይን የውጪው መስመር ላይ ነው፤ የደንብ ጎርፉ እስከ የት ይደርሳል የሚለው ላይ። ለእኔ ከባዱ የውስጠኛው ነው።

በጎርፍ ሜዳ ውስጥ ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። መሃሉ ላይ ውሃው ይሮጣል። ዳር ዳሩ ላይ ይተኛል። የሚሮጥበትን «የጎርፍ መንገድ»፣ የሚተኛበትን «የጎርፍ ዳርቻ» እንበላቸው። ዳርቻው ላይ ቤት ከፍ አድርጎ መሥራት ይቻል ይሆናል። መንገዱ ላይ የሚሠራ ሰው ግን ራሱን ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ውሃውን ወደ ጎረቤቱ ይገፋል።

የጎርፍ መንገዱ የሚገኘው እንዲህ ነው። ሞዴሉ ላይ ሜዳውን ከግራና ከቀኝ እንደተሞላ አድርጋችሁ ትጨብጡታላችሁ። ውሃው መውጫ ሲያጣ ከፍ ይላል። ከፍታው ከተፈቀደው ጭማሪ ሲደርስ ታቆማላችሁ። በመካከል የቀረው የጎርፍ መንገዱ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መስፈርት እስከ 1 ጫማ፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጭማሪ ይፈቅዳል። ኢንዲያናና ኢሊኖይ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር አውርደውታል። ዊስኮንሲን ጭራሽ ወደ ዜሮ አስጠግታዋለች።

30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይመስላል። ቅድም ባልነው ሜዳ ላይ ግን ውሃውን 150 ሜትር ወደ ውጪ ይገፋዋል። ሕጉ በሌላ አነጋገር «ከላይ ያለው ጎረቤትህ ላይ ይህን ያህል ውሃ ብትጨምር ችግር የለም» እያለ ነው። ጎረቤቱ ግን አልተጠየቀም። አዲስ ደንብ የምታወጡ ከሆነ ከ3 ሴንቲ ሜትር አትለፉ ባይ ነኝ።

ሌላው መንገድ የስዊዘርላንድ ነው። ጥልቀትን፣ ፍጥነትንና ድግግሞሽን አንድ ላይ አድርጋ ቦታውን በቀለም ትከፍለዋለች። ጥልቀቱ ከ2 ሜትር ካለፈ፣ ወይም ጥልቀቱ በፍጥነቱ ተባዝቶ ከ2 ካለፈ፣ ኃይሉ ከባድ ይባላል። ቀይ ውስጥ አዲስ ግንባታ የለም። ሰማያዊ ውስጥ በቅድመ ሁኔታ ይፈቀዳል። ቢጫ ላይ ምክርና ማስጠንቀቂያ ነው። ጥሩነቱ ካርታውን አይቶ ማንም ይረዳዋል።

ክትር ካለስ? ወንዙ ዳር የአፈር ክትር ተሠርቶ ከሆነ ከኋላው ያለውን ሰፈር ከካርታው ለማውጣት ግፊት ይመጣል። እንግሊዝ የፕላን ቀጠናዎቿን የምታሰምረው ክትሩ እንደሌለ ቆጥራ ነው። አሜሪካ ደግሞ የወንዝ ክትር ከደንብ ጎርፉ በላይ ቢያንስ 3 ጫማ ትርፍ እንዲኖረውና ጥንካሬው በመሐንዲስ እንዲረጋገጥ ትጠይቃለች። የእንግሊዙን ያዙ። ክትር ይሰበራል። ሲሰበር ደግሞ ውሃው ቀስ ብሎ አይገባም።

ደረጃ 7፦ ደንቡን አጭር አድርጋችሁ ጻፉ

ደንቡ ፈቃድ ሰጪው ያለ ጠበቃ የሚረዳው መሆን አለበት። የጎርፍ መንገድ ውስጥ፦ አዲስ ሕንፃ፣ አፈር መሙላት፣ ውሃ የሚያግድ አጥር አይፈቀድም። ድልድይ የግድ ከሆነ አመልካቹ ውሃው እንደማይጨምር በስሌት ያሳይ። እርሻ፣ ሜዳ፣ ኳስ መጫወቻ፣ መናፈሻ ይፈቀዳል።

ዳርቻው ላይ ዋናው አንቀጽ የወለል ከፍታ ነው። የደንብ ጎርፉ ከፍታ ላይ ትርፍ ከፍታ ይጨመራል። ትርፉ የሚያስፈልገው ሞዴሉ ስለሚሳሳት፣ ማዕበል ስለሚኖር፣ ድልድይ ስለሚደፈን ነው። በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ የተለመደው ግማሽ ሜትር ነው። በቁጥር እንየው። በቦታው የደንብ ጎርፉ ከፍታ 1,412.30 ሜትር ነው እንበል። መሬቱ 1,411.10 ነው። ውሃው 1.20 ሜትር ይቆማል ማለት ነው። ግማሽ ሜትር ትርፍ ሲጨመር ወለሉ 1,412.80 ላይ ይሆናል፤ ከመሬቱ 1.70 ሜትር ከፍ ብሎ። ፈቃዱ ላይ ይጻፍ የምለው ይህ 1,412.80 የሚለው ቁጥር ነው። «በቂ ከፍታ» የሚል ቃል ከተጻፈ ሁሉም የየራሱን በቂ ይሠራል።

ከወለሉ በታች የቀረው ክፍት ቦታ መኪና ማቆሚያ ወይም ዕቃ ማስቀመጫ ሊሆን ይችላል፤ መኝታ ግን አይሆንም። ግድግዳው ውሃ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑረው። አለበለዚያ ውሃው ከውጪ ገፍቶ ግድግዳውን ይጥለዋል። የአሜሪካው መስፈርት ቢያንስ ሁለት ቀዳዳ፣ በአጠቃላይ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል 70 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይጠይቃል። የኤሌክትሪክ ሳጥኑም ከወለሉ በላይ ይውጣ።

አፈር ሞልቶ ቦታውን ከፍ የሚያደርግ ሰው ውሃው ይተኛበት የነበረውን ሆድ ይቀንሳል። ስለዚህ የሞላውን ያህል በዚያው አካባቢ፣ በተመሳሳይ ከፍታ ይቆፍር። አንድ ሰው ሲሞላ ምንም አይታይም። ሁለት መቶ ሰው ሲሞላ ይታያል።

አሁን ያሉትን ቤቶች ምን እናድርግ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ደንብ የሚሰናከለው። ሁሉም ይፍረስ ማለት አይቻልም። ሁሉም እንዳለ ይቆይ ማለትም አይቻልም። የአሜሪካው አሠራር መካከለኛ ነው፦ የእድሳቱ ወይም የጥገናው ወጪ ከሕንፃው ዋጋ 50 በመቶ ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ ሕንፃው እንደ አዲስ ይቆጠርና አዲሱን ደንብ ያሟላል። ሰዎች እድሳቱን ቆራርጠው በየዓመቱ 40 በመቶ እንዳያደርጉት ወጪው በድምር ይያዝ። የጎርፍ መንገዱ ውስጥ ላሉት ግን እውነተኛው መፍትሔ ገዝቶ ማንሣት ነው፤ ተገቢ ካሳና ምትክ ቦታ ይዞ። ያለዚያ ደንቡ ድሃውን ብቻ የሚቀጣ ይሆናል። ወንዝ ዳር የሰፈረው ሌላ ቦታ ስላላገኘ ነውና።

ደረጃ 8፦ ካርታውን ለተቃውሞ ክፈቱ

ረቂቁን አውጡ። ሰው የራሱን ቦታ ፈልጎ የሚያገኝበት መንገድ ይኑር። በአሜሪካ አዲስ የጎርፍ ከፍታ ሲወጣ 90 ቀን የይግባኝ ጊዜ ይሰጣል። ተቃዋሚው «አልወደድኩትም» ማለቱ አይበቃም፤ የተሻለ ልኬት ያመጣል። ይህ ጥሩ ነው። አንድ ሰው በቀያሽ አስለክቶ ቦታው ከጎርፉ ከፍታ በላይ መሆኑን ካሳየ በደብዳቤ ነጻ ይውጣ። አፈር ሞልቶ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያ በሌላ መንገድ ይታያል።

መሃንዲሱ ራሱ ስብሰባው ላይ ይቅረብ። «ይህን መስመር እንዴት አሰመራችሁት?» የሚል ይነሣል። መልሱ በአንድ ቀላል አረፍተ ነገር መሰጠት አለበት፦ ይህን ያህል ፍሰት፣ ይህን ያህል ከፍታ፣ በእገሌ ዓመት ውሃው ደርሶበት በነበረው ግድግዳ የተፈተነ። መልስ ከሌለ መስመሩን አጥፉት። የምትመልሱበት መረጃ ሁሉ፣ ሞዴሉም ጭምር፣ በቢሮው መዝገብ ይቀመጥ። አማካሪው ሥራውን አስረክቦ ሲሄድ ሞዴሉን ይዞ እንዲሄድ አትፍቀዱ። ይህ የሚሆንበት አጋጣሚ ከምታስቡት በላይ ብዙ ነው።

ደረጃ 9፦ ከፈቃዱ በኋላ ተከታተሉ

ሁለት ጉብኝት ይበቃል። አንዱ መሠረቱ ወጥቶ ወለሉ ሳይሞላ። ሁለተኛው ሲያልቅ። በመጀመሪያው ቀያሽ ከፍታውን ለክቶ ይፈርም። ከተሞላ በኋላ 20 ሴንቲ ሜትር ጎደለ ቢባል ማንም አያፈርሰውም። ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ግን በአንድ ቀን ሥራ ይስተካከላል።

ካርታው ራሱም ያረጃል። ላይኛው ተፋሰስ ላይ ደን ሲመነጠር፣ አስፓልትና ጣራ ሲበዛ፣ ድልድይ ሲቀየር የድሮው መስመር ይዋሻል። የክለሳ ቀን ደንቡ ውስጥ ይጻፍ፤ በአውሮፓው ልክ 6 ዓመት ቢሆን ጥሩ ነው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚቀጥለው ጎርፍ ሲመጣ ዝግጁ ሁኑ። ቀለም፣ ምስማር፣ ካሜራና የስልክ ጂ ፒ ኤስ የያዙ ሁለት ሰዎች አስቀድማችሁ መድቡ። ውሃው ከወረደ በኋላ ጭቃው ግድግዳ ላይ የሚተወው መስመር በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታጠባል፣ ሰውም ይጠርገዋል። ከዚያ በፊት ሄደው ምልክት ያድርጉ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉ፣ የቤቱን ባለቤት ውሃው ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ይጠይቁ። ቀያሹ በማግስቱም በሳምንቱም ሄዶ ሊለካው ይችላል።